ለማይጠይቅ አንባቢ የሚጻፍ መምሪያ፦ ስለ ኮድ አመንጪ መሣሪያዎች ሰነድ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ማናቸውም የሥራ መሣሪያ ከአጠቃቀም መምሪያው ተነጥሎ ሊመዘን አይችልም። የተማሪው መጽሐፍ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋጅ፣ አብሮት የሚላከው የመምህሩ መምሪያ ደካማ ከሆነ ትምህርቱ እንደየመምህሩ ግምት ይለያያል፤ አንዱ ክፍል የተማረውን ሌላው ክፍል ሳይማረው ያልፋል። ይህ በትምህርት ሥራ ላይ ለቆዩ ባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ይኸው የመምሪያ ዝግጅት ጥያቄ ዛሬ አንባቢው ሰው ባልሆነበት የሥራ መስክ እንደገና መነሣቱ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ዝግጅት ሥራ ውስጥ «ወኪል» ወይም «ኤጀንት» የሚባሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች ገብተዋል። ወኪሉ በቋንቋ ሞዴል ላይ የተመሠረተ ሆኖ፣ የተሰጠውን ሥራ ያነባል፤ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ኮድ ይጽፋል፤ ትእዛዞችን ያስኬዳል፤ ውጤቱን ተመልክቶ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ይህን ሁሉ ሲያከናውን የሚመራው በፊቱ በቀረበለት ጽሑፍና ቀደም ሲል ከሠለጠነበት የጽሑፍ ክምችት ባገኘው ልማድ ነው። ጽሑፉ የጎደለ እንደሆነ ክፍተቱን በልማዱ ይሞላዋል። ሊጠይቅ የሚችልበት መንገድ በአብዛኛው ክፍት ቢሆንም፣ ሳይጠይቅ ወደ ግምት የማዘንበል ጠባይ አለው። አበው «አለመጠየቅ ደጃዝማችነት ያስቀራል» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ባለመጠየቅ የሚጎዳው ወኪሉ ሳይሆን ሥራውን የሚረከበው ሰው ነው።

የዚህ ሂስ ዓላማ፣ ኮድ አመንጪ መሣሪያዎችን ወኪሎች እንዲገለገሉባቸው ለማድረግ የሚጻፉት ሰነዶች ምን ያህል የመምሪያን ተግባር እንደሚፈጽሙ መመርመርና ከምርመራው ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች የሚጠቅመውን ነጥብ ማመልከት ነው።

1. ኮድ አመንጪ መሣሪያ ምንድን ነው?

ኮድ አመንጪ መሣሪያ አጭር መግለጫ ተቀብሎ ረዥም ኮድ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ሐሳቡ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች በብዙ ይቀድማል። ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላብራቶሪዎች ሆኖ በጽሑፍ ያስተዋወቀው «ያክ» የተባለ መሣሪያ የአንድን የኮምፒዩተር ቋንቋ ሰዋስው ተቀብሎ ያን ቋንቋ የሚተነትን ፕሮግራም ያመነጭ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚሠራው በተወሰነ ደንብ ነው፤ ያው መግለጫ ዛሬም ነገም ቢሰጠው ያው ኮድ ይወጣል።

ወኪሉም ኮድ ያመነጫል፤ ነገር ግን የሚያመነጨው በዕድል ሚዛን፣ ማለትም ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል መምጣት እንደሚገባው በመገመት ነው። ስለሆነም ወኪሉ ኮድ አመንጪ መሣሪያን ሲጠቀም ሁለት አመንጪዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ በደንብ፣ ሌላው በግምት የሚሠራ። የሰነዱ የመጀመሪያ ኃላፊነት በሁለቱ መካከል ድንበር ማበጀት ነው። በደንብ ሊወጣ የሚገባውን ኮድ ወኪሉ በራሱ ግምት ከጻፈው፣ ሥራው ሲታይ የሚመስል፣ ሲመረመር ግን የሚፈርስ ይሆናል።

ይህ ሥጋት በጥናት የተደገፈ ነው። 16 የቋንቋ ሞዴሎችን በ576,000 የኮድ ናሙናዎች የፈተነና እ.ኤ.አ. በ2025 በዩዜኒክስ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጉባኤ የቀረበ ጥናት፣ ሞዴሎቹ በዓለም ላይ የሌሉ የፕሮግራም ጥቅሎችን ስም እየፈጠሩ እንደሚጠቅሱ አሳይቷል። መጠኑ በንግድ በሚቀርቡት ሞዴሎች በአማካይ ቢያንስ 5.2 ከመቶ፣ በክፍት በሚሰራጩት ደግሞ 21.7 ከመቶ ነበር። ሞዴሎቹ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻሉም የችግሩ ጠባይ አልተለወጠም፤ ያልተነገረውን ነገር ግምት ይተካዋል።

2. የአዲሱ ሰነድ አመጣጥ

ለፕሮግራም ሠሪዎች ሰነድ ማዘጋጀት የቆየ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1971 የወጣው የዩኒክስ የመጀመሪያ እትም መምሪያ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙን፣ አጠቃቀሙን፣ መግለጫውንና ተያያዥ ፋይሎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ያቀርብ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው ግን የታወቁ ጉድለቶችን የሚመዘግብ የተለየ ክፍል የነበረው መሆኑ ነው። ሠሪው የሥራውን ጉድለት በራሱ መምሪያ ውስጥ መጻፉ ለአንባቢው ትልቅ አክብሮት ነበር።

ለወኪሎች የሚጻፈው ሰነድ ግን ገና ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ጄረሚ ሃዋርድ «ኤልኤልኤምስ ዶት ቲኤክስቲ» የተባለ ፋይል እንዲለመድ ሐሳብ አቀረበ፤ ዓላማውም የአንድ ድረ ገጽ ይዘት ለቋንቋ ሞዴል በሚመች አጭር ጽሑፍ እንዲቀርብ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት ወኪሎችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተሰኘ የአሠራር ስምምነት አወጣ። በዚህ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ ስሙን፣ የሥራውን መግለጫና የሚቀበለውን መረጃ ቅርጽ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ «ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ» የሚባለው ፋይል በልዩ ልዩ የወኪል አዘጋጆች ዘንድ የጋራ ልማድ ሆነ። «ሪድሚ» የሚባለው ፋይል ለሰው እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ይህኛው ለወኪሉ ይጻፋል፤ የግድ መሟላት ያለበት ክፍል የለውም፤ በሥራው አቃፊዎች ውስጥ ከአንድ በላይ ቢገኝ ለሚሠራበት ፋይል ቅርብ የሆነው ይጸናል። በዚያው ዓመት በጥቅምት አንትሮፒክ «ስኪል» የተባለውን አቀራረብ አስከተለ፤ ይህም አንድን ሙያ ከነመመሪያውና ከነተጨማሪ ፋይሎቹ በአንድ አቃፊ የሚያደራጅ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው የመጡ ናቸው። ፍጥነቱ በራሱ ነቀፋ አይደለም። ይሁን እንጂ የመምሪያ ዝግጅት ሙያ በብዙ ዓመታት ያካበተው ዕውቀት በዚህ ችኮላ ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

3. አንድ ምሳሌ፦ የመለያ ቁጥሩ ደንብ

ነገሩን በተጨባጭ ለመመልከት ብዙ ሥራ የሚሠራበትን «ፕሮቶክ» የተባለ ኮድ አመንጪ መውሰድ ይቻላል። ይህ መሣሪያ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው «ፕሮቶኮል በፈርስ» የተባለ የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ክፍል ነው። ተጠቃሚው የመረጃውን ንድፍ በአጭሩ ይጽፋል፤ መሣሪያው ደግሞ ያን መረጃ የሚጽፍና የሚያነብ ኮድ በጃቫ፣ በፓይተን፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በሌሎችም ቋንቋዎች ያወጣል። በሚወጣው ፋይል አናት ላይ ፋይሉ በመሣሪያው የተመነጨ ስለሆነ በእጅ እንዳይታረም የሚያስጠነቅቅ ቃል ይጻፋል። ምክንያቱም መሣሪያው በድጋሚ ሲሠራ በእጅ የገባው እርማት ሁሉ ይጠፋል።

በንድፉ ውስጥ እያንዳንዱ የመረጃ መስክ መለያ ቁጥር አለው። ለምሳሌ ስለ አንድ ተማሪ በሚዘጋጅ ንድፍ ላይ ስም 1፣ የክፍል ደረጃ 2፣ የትውልድ ዓመት 3 ተብለው ተሰይመዋል እንበል። መረጃው ሲቀመጥ የመስኩ ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈው ቁጥሩና ዋጋው ብቻ ነው። ከጊዜ በኋላ የትውልድ ዓመት አያስፈልግም ተብሎ ተሰረዘ፤ ባዶ የቀረው ቁጥር 3 ደግሞ የፈተና ውጤት ለተባለ አዲስ መስክ ተሰጠ። ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ መሣሪያው ቅሬታ አያሰማም። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ፋይል ሲከፍት ግን በ1999 የተወለደውን ተማሪ 1999 ውጤት እንዳመጣ አድርጎ ያነበዋል።

ይህ ስሕተት ከሌሎች የሚለየው ወዲያው የማይታይ በመሆኑ ነው። ወኪሉ ለውጡን ካደረገ በኋላ የሙከራ ፈተናዎችን ቢያስኬድ ሁሉም ያልፋሉ፤ ምክንያቱም ፈተናዎቹ በአዲሱ ፕሮግራም ጽፈው በአዲሱ ፕሮግራም ያነባሉ። ጉዳቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ አሮጌው መዝገብ በተከፈተ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ወኪሉም፣ ሥራውን የሰጠው ሰውም በቦታው ላይኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ ይህን ደንብ ለወኪል የሚያስተላልፍ ሰነድ እንዴት ሊጻፍ ይገባል?

በተግባር ሁለት ዓይነት አጻጻፎች ይዘወተራሉ። የመጀመሪያው «የመስክ ቁጥር ፈጽሞ አትለውጥ!» የሚል ደረቅ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የሥርዓቱን ታሪክና ውስጣዊ አሠራር በብዙ ገጽ የሚተርክ ነው። የመጀመሪያው ያጥራል፤ ነገር ግን ከታሰበው ሁኔታ ውጪ አይሠራም። ሁለተኛው የተሟላ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ነጥብ በብዛት ውስጥ ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔልሰን ሊዩና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ጥናት፣ የቋንቋ ሞዴሎች በረዥም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን መረጃ በመካከል ካለው በተሻለ እንደሚጠቀሙበት አሳይቷል። ይህን ለመምህራን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ረዥም ንግግር የሰማ ተማሪም እንዲሁ ነው።

የተሻለው አጻጻፍ አራት ነገሮችን በአንድ አጭር አንቀጽ የሚያጣምር ነው፤ እነርሱም ትእዛዝ፣ ምክንያት፣ ማረጋገጫና ወሰን ናቸው። ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ሀ) መስክ ሲሰረዝ ቁጥሩና ስሙ በንድፉ ውስጥ «የተያዘ» ተብለው ይመዝገቡ፤ ለሌላ አይሰጡም።

ለ) ምክንያቱም ቀደም ሲል የተቀመጠ መረጃ የሚታወቀው በቁጥሩ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ትርጉሙን ከለወጠ አሮጌው መረጃ በሐሰት ይነበባል።

ሐ) ለውጡ ካለቀ በኋላ አዲሱ ንድፍ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር፤ በቀድሞው ፕሮግራም የተጻፈ ናሙናም በአዲሱ ይነበብ።

መ) በንድፉ ላይ የሚገኝ ቁጥር የግድ መለወጥ ካለበት ሥራው ይቁም፤ ኃላፊው ይጠየቅ።

ምክንያቱን መጻፍ ለማሽን ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥቅሙ በሚከተለው ይታያል። የመስኩን ቁጥር ሳይነኩ ስሙን ብቻ መለወጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ደረቁ ትእዛዝ ስለዚህ ምንም አይልም። ምክንያቱ የገባው አንባቢ ግን አሮጌው መረጃ ምን ይዞ እንደ ተቀመጠ ይመረምራል። መረጃው በተለመደው በሁለትዮሽ ቅርጽ ከተቀመጠ ስሙ ስለማይጻፍ ለውጡ መረጃውን አይጎዳም፤ «ጄሰን» በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ ከተቀመጠ ግን መስኩ የሚታወቀው በስሙ ስለሆነ ለውጡ ጎጂ ነው። አንድ ምክንያት ሁለት ሁኔታዎችን ሸፈነ፤ ትእዛዙ ብቻ ቢሆን ሁለተኛው ሳይታይ ባለፈ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። «የተያዘ» የሚለው ምዝገባ በንድፉ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ቁጥሩን ማንም ሊጠቀምበት ቢሞክር መሣሪያው ራሱ ይከለክላል። ደንቡ ከወረቀት ወጥቶ የመሣሪያው አካል ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ይህ ደጋግሞ ተደርጓል። በሁለተኛው የንድፍ ቋንቋ እትም አንድን መስክ «የግድ» ብሎ መሰየም ይቻል ነበር፤ የሥርዓቱ ሰነድ ግን አንድ ጊዜ የግድ የተባለ መስክ ለዘለዓለም የግድ እንደሚሆን ያስጠነቅቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሦስተኛው እትም ማስጠንቀቂያውን ከመድገም ይልቅ ስያሜውን ጨርሶ አስወገደው። ለወኪል የሚጻፍ ሰነድ ከሁሉ የሚሻለው እንዲህ ራሱን አላስፈላጊ ሲያደርግ ነው።

4. የሰነዶቹ ጠንካራ ጎን

በአሁኑ ጊዜ ከሚሠራባቸው አቀራረቦች መካከል በትምህርት አሰጣጥ ዓይን ሲታይ ይበልጥ የሚመሰገነው የ«ስኪል» አደረጃጀት ነው። በዚህ አደረጃጀት ወኪሉ በመጀመሪያ የሚያየው ስምና አጭር መግለጫ ብቻ ነው፤ ስሙ ከ64፣ መግለጫው ከ1,024 ፊደላት ሊበልጥ አይችልም። ሥራው ከመግለጫው ጋር ሲገጥም ብቻ ዋናው መመሪያ ይከፈታል፤ እርሱም ከ500 መስመር በታች እንዲሆን ይመከራል። ዝርዝር ማጣቀሻዎች በተለዩ ፋይሎች ተቀምጠው በተፈለጉ ጊዜ ብቻ ይነበባሉ። ከጠቅላላ ወደ ዝርዝር፣ ከአስፈላጊው ወደ ተጨማሪው የሚሄደው ይህ ቅደም ተከተል በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ዘንድ የታወቀ መርህ ነው።

ሁለተኛው ጠንካራ ጎን ትእዛዞችን ሊሠሩ በሚችሉበት ቅርጽ ማቅረቡ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ «ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ» ፋይል «ኮዱን አመንጭ» ብሎ አያልፍም፤ የሚጻፈውን ትእዛዝ ከነቃሉ፣ የሚሠራበትን አቃፊ፣ የሚወጣውን ፋይልና ውጤቱ የሚረጋገጥበትን መንገድ ይሰጣል። ለሰው የሚጻፉ ብዙ መምሪያዎች ይህን ዝርዝር «አንባቢው ያውቀዋል» በሚል ይዘሉት ነበር። ለማሽን መጻፍ ሲመጣ ዝላዩ ተገለጠ፤ ሲጻፍም የተጠቀመው ወኪሉ ብቻ አልሆነም፤ አዲስ የተቀጠረው ወጣት ባለሙያም ተጠቀመ።

5. የሰነዶቹ ድክመት

ሀ) ማስጠንቀቂያን ማብዛት። በእንግሊዝኛ በሚጻፉት ሰነዶች «ምንጊዜም»፣ «በፍጹም»፣ «አስፈላጊ» የሚሉ ቃላት በትልልቅ ፊደላት ተደጋግመው ይገኛሉ። ወኪሉ አንድ ጊዜ በሳተ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመራል፤ ሁሉም ነገር ጽኑ ከተባለ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚጸና መለየት አይቻልም። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘዴ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የነገሩን ክብደት በቅደም ተከተልና በምክንያት ለማሳየት ይገደዳል። ይህም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ጥሩ ሥርዓት ሊታይ ይገባዋል።

ለ) ዘመንን አለመግለጽ። መሣሪያዎች ይለወጣሉ፤ ወኪሉ የሠለጠነበት ጽሑፍ ግን የልዩ ልዩ ዘመናት ድብልቅ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሥርዓት ሦስተኛ እትም ሲወጣ «አማራጭ» የሚለውን የመስክ ስያሜ አስቀርቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን መልሶ አስገባው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ጽሑፍ በጊዜው እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ያሳስታል። ሰነዱ የትኛውን እትም እንደሚመለከት በመጀመሪያው መስመር ካልገለጸ ወኪሉ የሁለቱን ዘመን ደንብ ያደባልቃል።

ሐ) ሁለት ሰነድ፣ ሁለት እውነት። ለሰው አንድ፣ ለወኪል ሌላ ሰነድ ሲዘጋጅ፣ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል። ውሎ አድሮ ሰውየው በአንድ ደንብ ሲመራ ወኪሉ በሌላ ደንብ ይሠራል፤ ተቆጣጣሪውም ወኪሉ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ማወቅ ያቅተዋል። ከዚህ የሚያድነው ደንቡንና ምክንያቱን በአንድ ቦታ ጽፎ፣ የወኪሉ ፋይል ወደዚያ እንዲያመለክት ማድረግ ነው።

መ) የማቆሚያ ነጥብ አለመኖር። አብዛኞቹ ሰነዶች እንዴት እንደሚሠራ ይነግራሉ፤ መቼ መሥራት እንደሚቆም ግን አይናገሩም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረውን የ«ፕላዝማ» ትምህርት ያስታወሰ መምህር ይህን ድክመት በቀላሉ ይረዳዋል። በመስኮቱ የሚታየው አስተማሪ ትምህርቱን የሚያቀርበው በተወሰነለት ደቂቃ ነበር፤ ክፍሉ ገባውም አልገባው ማቆም አይችልም ነበር። ወኪሉ ግን ማቆም ይችላል። የሚያስፈልገው፣ የት ቆሞ ሰው መጠየቅ እንዳለበት ሰነዱ በግልጽ እንዲነግረው ነው።

ሠ) የታመነና ያልታመነ ጽሑፍ አለመለየት። ለሰው፣ መምሪያ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ለወኪል ግን ያነበበው ሁሉ እንደ ትእዛዝ ሊወሰድ ይችላል። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ የመሣሪያ መግለጫ በውስጡ ሌላ ትእዛዝ ደብቆ ወኪሉን ሊያስት እንደሚችል የደኅንነት ተመራማሪዎች በተግባር አሳይተዋል። ስለዚህ ሰነድ የማን እንደሆነና ማን እንዳጸደቀው ማወቅ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የደኅንነት ጉዳይ ሆኗል። ወኪሉን የሚያሰማሩ ድርጅቶችም ሰነዶችን እንደ ኮድ በተቆጣጣሪ ዓይን ማለፍ እንዳለባቸው መገንዘብ ይኖርባቸዋል።

6. ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

ጉዳዩ ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» መርሐ ግብር በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ትብብር የፕሮግራም ዝግጅትንና ተያያዥ ሙያዎችን በኢንተርኔት ለብዙ ወጣቶች ለማድረስ የታቀደ ነው። እነዚህ ወጣቶች ወደ ሥራ ሲገቡ ጎናቸው ወኪል ያገኛሉ። ወኪሉ ኮዱን ከጻፈ ሠልጣኙ ምን ይማር የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ከላይ የተዘረዘረው ምሳሌ ለጥያቄው አንድ መልስ ይሰጣል። የተማሪውን የትውልድ ዓመት እንደ ፈተና ውጤት ያነበበው ስሕተት በማሽን አልተያዘም፤ ፈተናዎቹም አልፈዋል። ሊይዘው የሚችለው መረጃው እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያውቅና «አሮጌው መዝገብስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። መዝገቡ የአንድ ወረዳ ተማሪዎች መዝገብ ቢሆን ኖሮ የሚበላሸው የልጆች ታሪክ ነው። ስለሆነም ወኪሎች መምጣታቸው መሠረታዊ ዕውቀትን ከሥርዓተ ትምህርቱ ለማውጣት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ይልቁንም ሠልጣኙ ከመጻፍ ባሻገር መመርመርን፣ ከመመርመርም ባሻገር መመሪያ መጻፍን እንዲማር ያስገድዳል።

መመሪያ መጻፍን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም ሊከናወን ይችላል። አንዱ ሠልጣኝ ስለሚያውቀው ሥራ፣ ለምሳሌ የክፍል ውጤት መዝገብ ስለ መሙላት፣ አንድ ገጽ መመሪያ ይጽፋል። ሌላው ሠልጣኝ መመሪያውን ተቀብሎ ምንም ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል፤ ጸሐፊው መናገር አይፈቀድለትም። ሦስተኛው ተመልካች ሆኖ ፈጻሚው የገመተበትን እያንዳንዱን ቦታ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ግምት በጽሑፉ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። ከዚያም ጸሐፊው ትእዛዝ፣ ምክንያት፣ ማረጋገጫና ወሰን የሚሉትን አራት ነጥቦች ይዞ ጽሑፉን ያርማል፤ መልመጃውም ከሌላ ፈጻሚ ጋር ይደገማል። ይህ መልመጃ ለወኪል መምሪያ ለሚጽፈው ባለሙያ የሚጠቅመውን ያህል፣ የትምህርት ዕቅድ ለሚያዘጋጀው መምህርም ይጠቅማል።

የቋንቋው ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባውም። የኮድ አመንጪ መሣሪያዎቹ ሰነዶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቀበሉት «ቶክን» ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበ ጥናት ያው ይዘት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲጻፍ የቁርጥራጩ ብዛት እስከ 15 እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል አመልክቷል። በግእዝ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎችም ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቁርጥራጭ ስለሚወስዱ ወጪው ከፍ ይላል። ይህ ግን የአማርኛ ሰነድን ከንቱ አያደርገውም። ወኪሉ እንግሊዝኛውን ሊያነብ ይችላል፤ ወኪሉን የሚቆጣጠረው የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ግን ደንቡንና ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ማግኘት አለበት። ቢያንስ ምክንያትና ወሰን የሚሉት ሁለት ክፍሎች በአገር ቋንቋ ሊጻፉ ይገባል፤ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በሰው ላይ ነውና።

ማጠቃለያ

ኮድ አመንጪ መሣሪያዎችን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች የሚያስተዋውቁት ሰነዶች በአደረጃጀትና በትእዛዝ ግልጽነት ጥሩ ጅምር አሳይተዋል። በምክንያት፣ በዘመን መግለጽ፣ በማቆሚያ ነጥብና በባለቤትነት ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ለእነዚህ ጉድለቶች መድኃኒቱ ያለው በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የመምህሩን መምሪያ ሲያዘጋጁ የኖሩ ባለሙያዎች ሙያም ብዙ የሚያበረክተው አለ።

ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት መመሪያ አጻጻፍን ራሱን እንደቻለ መልመጃ በትምህርት ዕቅዳቸው ውስጥ ቢያስገቡ፣ የትምህርት ቢሮዎችም በወኪል የተሠራ ማናቸውንም የመረጃ ሥርዓት ከመረከባቸው በፊት ሥርዓቱ አሮጌውን መዝገብ በትክክል ማንበቡን በናሙና ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ የተበላሸ መዝገብ መበላሸቱ የሚታወቀው ባለመዝገቡ ማስረጃውን ሊወስድ በመጣበት ቀን ነው።